የቤቱ ውኃ የሚዘጋው የት ነው?



በዚህ እትማችን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልንጽፍላችሁ ወደናል። ይኸውም በምትሠሩበት ቤት ውኃው የሚዘጋበትን ቦታ ስለማወቅ ነው። «ይህ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ምን ያደርግለታል?» የምትል እኅት ብትኖር አንፈርድባትም። እኛም አንዲት እኅታችን እያለቀሰች ወደ ቢሮአችን እስከ መጣችበት ቀን ድረስ እንዲሁ ባልን ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። አሠሪዎቿ ለቅዳሜና እሑድ ወደ ተራራ ወጥተው እርስዋ አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ሌሊት የእጅ መታጠቢያው ሥር ያለችው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ፈነዳች። እኅታችን ድምፁን ሰምታ ወዲያው ተነሣች፤ አልዘገየችም። ወደ ወጥ ቤት ሮጣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ያለውን ክብ መዝጊያ አጥብቃ ዘጋች። የወጥ ቤቱ አንዱ ቧንቧ ቆመ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። በሩ ከውጭ ስለተቆለፈ ሰው መጥራት አልቻለችም። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ባዶ እስኪሆን ድረስ ቤቱ የኖኅን ዘመን መሰለ። ምንጣፉ፣ የእንጨት በሮቹ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ሁሉ ተበላሸ። አሠሪዎቹም የሦስት ወር ደመወዝሽን እንቆርጣለን አሉ። አባታችን ሁለት ጊዜ ሄደው ተነጋግረው ግማሹ ቀረላት፤ ግማሹ ግን ተቆርጧል።

እንግዲህ ይህች እኅት ጥፋት አላጠፋችም። የዘጋችውም በእርግጥ የውኃ መዝጊያ ነበር። ነገር ግን የሌላ ውኃ መዝጊያ ነው። ይህን ማንም አልነገራትም።

በቤይሩትና በአካባቢዋ ባሉ ብዙ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ሁለት ዓይነት ውኃ ይገባል። አንደኛው «ማይ ኤድ ዳውሌ» የሚሉት የመንግሥት ውኃ ነው። የቤይሩት ውኃ ዋና ምንጭ ጄይታ ነው፤ ዋሻውን ለሽርሽር ሄዳችሁ ያያችሁት ያው ውኃ ድባዬ ላይ ተጣርቶ ወደ ከተማ ይመጣል። ይህ ውኃ ቀኑን ሙሉ አይለቀቅም። በሰዓት በሰዓት ነው የሚመጣው፤ በበጋና በመከር ደግሞ ዝናቡ እስኪጀምር ድረስ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ሲመጣ በሞተር እየተገፋ ጣራ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይወጣና ይጠራቀማል። በቂ ካልሆነም ባለቤቶቹ የቦቴ ውኃ ገዝተው ያስሞላሉ። ከ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ይህ ወጪ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሆኗል። በከንቱ የፈሰሰ ውኃ ማዳምን ይህን ያህል የሚያስቆጣትም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ውኃ እንግዲህ ከጣራው ሮቶ በራሱ ክብደት ወደ ቤቱ የሚወርደው ነው። መታጠቢያ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚጠጡት። በወጥ ቤት ግን ብዙ ቤቶች አንድ ተጨማሪ ቧንቧ አላቸው፤ እርሱ ከሮቶ ሳይሆን በቀጥታ ከመንግሥት ውኃ ይመጣል። እኅታችን የዘጋችው የዚህን ነበር። አንዱን መዝጋት ሌላውን አያቆምም።

መዝጊያውን እዚህ «ሲክር» ይሉታል። ከስኳር ጋር እንዳታምታቱት፤ ስኳር «ሲከር» ተብሎ ረገጥ ተደርጎ ነው የሚነገረው። አንዲት እኅት ሲክሩን አሳዩኝ ብላ የስኳር ዕቃ እንደተሰጣት ነግራን ስቀናል። ከኩዌት ወይም ከዱባይ የመጣችሁ ደግሞ «ማሕበስ» ሲባል የምታውቁት ይኸው ነው።

መዝጊያዎቹ በሦስት ደረጃ ይገኛሉ። ለእናንተ ከሁሉ የሚቀርባችሁ ከየዕቃው ሥር ያለው ትንሹ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ሲፎን ጎን፣ ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ቱቦው ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ ትንሽ እጀታ ታገኛላችሁ። የፈነዳው ቱቦ የዚያ ዕቃ ከሆነ ይህችን መዝጋት ብቻ ይበቃል፤ የቀረው ቤት ውኃ ሳይቋረጥበት ይቆያል። ያቺ እኅታችን እስካሁን የሚቆጫት ይህ ነው። መዝጊያው ከፈነዳው ቱቦ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ቀጥሎ የቤቱ ዋና መዝጊያ አለ። ይህ እንደየቤቱ ይለያያል። አንዳንዱ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዱ በወጥ ቤቱ በረንዳ፣ አንዳንዱም «ታትኺቴ» በሚሉት ከኮርኒስ በላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ሁለት መታጠቢያ ቤት ያለው ቤት ለየብቻው ሁለት መዝጊያ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መገመት አያዋጣም፤ መጠየቅና መሞከር ነው። ሦስተኛው ጣራ ላይ ከሮቶው ሥር ነው። ይህን ግን ለናጡሩ ተዉት። ጣራ ላይ መውጣት፣ ከበረንዳ ተንጠላጥሎ ቧንቧ መንካት የእናንተ ሥራ አይደለም። የትኛው ሮቶ የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚያውቀውም ናጡሩ ነው።

አዘጋጉ ቀላል ነው። ክብ እጀታ ያለው ከሆነ ሰዓት እንደሚዞርበት አቅጣጫ ወደ ቀኝ ደጋግማችሁ ታዞሩታላችሁ፤ አንድ ጊዜ አዙራችሁ ካቆማችሁ አይዘጋም። ረዘም ያለ ጠፍጣፋ እጀታ ያለው ከሆነ ሩብ ዙር ብቻ ነው። እጀታው ከቧንቧው ጋር አብሮ ከተኛ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን እንደ መስቀል ካቋረጠው ዝግ ነው። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ ክብ መዝጊያ ሊይዝ ይችላል። በፒንሳ አታስገድዱት፤ ዘንጉ ተሰብሮ የባሰ ይመጣል። ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እያላችሁ ቀስ በቀስ አላቁት። እንቢ ካለ ተዉትና ለማዳም ንገሯት፣ ሳንካሪ ጠርታ ታሠራው። ይህን ደግሞ ውኃ ሳይፈስ በደኅናው ቀን ነው ማወቅ ያለባችሁ።

ማዳምን እንዴት እንደምትጠይቋት የሚቸግራችሁ አላችሁ። «ማዳም፣ ወይን ሲክር ኤል ማይ?» ማለት በቂ ነው። ምክንያቱን ከጠየቀች እናንተ በሌላችሁበት ውኃ ቢፈስ ልዘጋው ብዬ ነው በሏት። በዚህ የተቆጣች አሠሪ እስካሁን አልሰማንም። ካሳየቻችሁ በኋላ ራሳችሁ አንድ ጊዜ ዝጉት። ከዚያ በየቧንቧው ዞራችሁ የትኛው እንደቆመና የትኛው እንደቀጠለ እዩ። የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የሮቶ እንደሆነ በዚህ ይለያል። በመዝጊያው አንገት ላይ ቀይ ክር ብታስሩበት ሌሊት ስትደናገጡ ይጠቅማችኋል።

አሁን ውኃው በእርግጥ ቢፈስስ ምን ይደረግ? ከውኃው በፊት መብራቱን አስቡ። ውኃው ወደ ሶኬት፣ ወደ ማራዘሚያ ገመድ ወይም ወደ ማሽን ከተጠጋ እግራችሁን አታስገቡ። የመብራት ማጥፊያው ሳጥን፣ «ዲዥንክተር» የሚሉት፣ ደረቅ ቦታ ላይ ከሆነና እናንተም በደረቅ ወለል ላይ ቆማችሁ የምትደርሱበት ከሆነ አጥፉት። የጄኔሬተሩ መስመር፣ ማለት ኢሽቲራኩ፣ ለብቻው ማጥፊያ ሊኖረው ይችላልና እርሱንም አጥፉ። የመንግሥት መብራት ጠፍቷል ብላችሁ አትታመኑ፤ በመካከል ጄኔሬተሩ ይነሣል። ሳጥኑ ውኃ ውስጥ ካለ ግን አትንኩት፣ ከዚያ ክፍል ውጡ። ዕቃ ይተካል።

ከዚያ የዕቃውን ትንሽ መዝጊያ፣ ካልሆነ የቤቱን ዋና መዝጊያ ዝጉ። የውኃ ሞተር በእጃችሁ የሚጠፋ ከሆነ አጥፉት። «አዛን» የሚሉትን የውኃ ማሞቂያም አጥፉ፤ ውኃው አልቆበት ቢሞቅ ይቃጠላል። የፈነዳው የሙቅ ውኃ ቧንቧ ቢሆንም ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ቀዝቃዛ ውኃ ስትዘጉ ይቆማል፤ ሙቁን የሚገፋው ቀዝቃዛው ነውና። መዝጊያው ከተዘጋ በኋላ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ጥቂት ይፈሳል፤ አትደንግጡ። የመታጠቢያ ገንዳውን ቧንቧ ብትከፍቱለት የቀረው በዚያ በኩል ይወጣል።

መዝጊያውን ካጣችሁት በፎጣና በጨርቅ ውኃውን ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳ ምሩት፤ ወዲያው ናጡሩን ጥሩ። ጊዜ አለ ብላችሁ አታስቡ። በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ቢፈስ እንኳ የ1000 ሊትር ሮቶ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ በቤቱ ወለል ላይ ይሆናል። በሩ ከተቆለፈባችሁ ለማዳም ደውሉ፣ በሩን ደብድቡ፣ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ጎረቤት ጥሩ። «ኤል ማይ ታይፌ» ካላችሁ ውኃው ቤቱን እንዳጥለቀለቀው ይገባቸዋል። ለአደጋ የሲቪል መከላከያ ቁጥር 125 ነው፤ ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ ቀይ መስቀል 140። በ2024 እ.ኤ.አ. የጦርነቱ ወራት አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ በቤት ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ እኅቶች ነበሩ። ስለዚህ ይህ ሁሉ ሩቅ ነገር አይምሰላችሁ።

አሁን ደግሞ እኛው ራሳችን ከአገራችን ይዘነው ስለመጣነው ልማድ እንናገር። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ነው። እናቶቻችን ሌሊት እንዳያመልጣቸው ቧንቧውን ከፍተው ባልዲ ሥሩ አድርገው ይተኛሉ፤ ባልዲው ሲንኳኳ ይነሣሉ። እዚህም ውኃ ሲጠፋ ብዙዎቻችን ቧንቧውን ከፍተን እናይና «የለም» ብለን ትተነው እንሄዳለን። ውኃው ሌሊት ወይም ሰው ሁሉ ከቤት በወጣበት ሰዓት ይመጣል። የዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ በሳህን ወይም በጨርቅ ተደፍኖ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። ከሰማናቸው የውኃ ጉዳቶች ብዙዎቹ ከፈነዳ ቱቦ ሳይሆን ከዚህ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ቧንቧውን ሞክራችሁ ውኃ ከሌለ ወዲያው መልሳችሁ ዝጉ። ልጆች ከፍተው እንዳልተዉትም ከመተኛታችሁ በፊት ዞራችሁ እዩ። ቤተሰቡ ለብዙ ቀን ሲወጣና እናንተም አብራችሁ ስትሄዱ «ልዝጋው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ዋናውን ዘግታችሁ ውጡ።

ስትከፍቱት ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ አንድ ቧንቧም ክፍት ይሁን፣ አየሩ በዚያ ይውጣ። ይንፋፋል፣ ይተፋል፣ መጀመሪያም የደፈረሰ ውኃ ያመጣል። እስኪጠራ ድረስ ነጭ ልብስ አታስገቡበት።

ስለ ደመወዝ አንድ ቃል እንጨምር። የሊባኖስ የ1946 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን እንደማያካትት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል ግን አሠሪው ደመወዝን በየወሩ መጨረሻ ሙሉውን እንዲከፍል ያዛል። ስለዚህ ጉዳት ደርሶ ገንዘብ እንቆርጣለን ቢሏችሁ በዚያው ሰዓት «እሺ» አትበሉ፤ የማታነቡትንም ወረቀት አትፈርሙ። የፈነዳውን ቱቦ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ አርጅቶ የፈነዳ ቱቦ ብዙ ጊዜ ዝገቱና የተበጣጠሰው ሽቦው ይመሰክራል። ቱቦውንም ራሱን አትጣሉት። ከዚያ ወደ እኛ ደውሉ ወይም ላኩብን።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቧንቧ ሥራ የሚያውቅ አንድ ወንድማችን ሁለቱን ዓይነት መዝጊያ በእንጨት ላይ አስሮ ወደ አዳራሹ ያመጣል። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ እየመጣችሁ በእጃችሁ አዙሩት። እሑድ መውጣት የማይፈቀድላቸው እኅቶች ስላሉ ይህችን ገጽ የምታውቁት ሁሉ አድርሱልን።