ጓያ፦ ድርቅን የሚችለው እህል ለምን እግር ይሰብራል?

ከላሊበላ አካባቢ አንዲት እናት ሦስት ጥያቄዎች ልከውልናል። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እግር ይሰብራል የሚባለው እውነት ነው ወይ? ልጄ ከብት ሲጠብቅ እሸቱን እየፈለፈለ ይውላል፣ ልከልክለው ወይ? ለከብቶቹስ ይሆናል? ጉዳዩ የላስታን ብቻ ሳይሆን የወሎን፣ የጎንደርንና የጎጃምን ቤት ሁሉ ስለሚነካ የዛሬውን ጊዜያችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

በቅድሚያ ስለ ተክሉ። ጓያን አላህ (ሱ.ወ) ብርቱ አድርጎ ፈጥሮታል። ክረምቱ ሲወጣ በመረሬ መሬት ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ ባይወርድም አፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ያፈራል። ውሃ የተኛበት ማሳ ሌላውን ጥራጥሬ ሲያበሰብስ እሱ ይችላል። በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ስለሚመግቡት ያልዳበረ መሬትም አይበግረውም። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ገብሱና ጤፉ በጠወለገበት ዓመት ማሳ ላይ ቆሞ የሚገኘው እሱ ነው። ስለዚህ ድሃ ቤተሰብ ጓያ ላይ ቢደገፍ ሞኝነት አይደለም፤ ሌላ ምን አለው?

ችግሩ እዚያው ፍሬ ውስጥ ነው። ሳይንቲስቶች በአጭሩ ኦዳፕ የሚሉት ንጥረ ነገር አለበት። ይህ ንጥረ ነገር በነርቮቻችን መካከል መልእክት ከሚያደርሰው ግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት በተመሳሳይነቱ ይታለላል፤ እግርን የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት ያለ ልክ እየተቀሰቀሱ ይሞታሉ። በሽተኛው አእምሮው አይነካም፣ ሲነኩትም ይሰማዋል። እግሩ ግን ይገተራል፣ በጣቶቹ ጫፍ መራመድ ይጀምራል፣ ከዚያ ምርኩዝ ይይዛል፣ የባሰበትም ይድሃል። የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

አሁን ልብ በሉ። ተክሉ ውሃ ሲጠማው፣ አፈሩም ዚንክ የተባለው ማዕድን ሲያጥረው ኦዳፑ ይጨምራል። ያው ድርቅ ገብሱንና ማሽላውን ያጠፋል። የእህል ዘሮች ደግሞ ጓያ የሚጎድሉትን፣ ሜታዮኒንና ሲስቲን የሚባሉ ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች ይሰጡን ነበር፤ እነዚህ ነርቭን ከጉዳት ይከላከላሉ። እንግዲህ መርዙ የሚበረታው፣ መከላከያው የሚጠፋውና ሰው ጓያን ብቻ የሚበላው በአንድ ወቅት ነው። ሁለት ሦስት ወር እንዲህ ከተበላ እግር ይሰበራል።

ይህ ከላስታ ሳይርቅ፣ ከዋድላ ባሻገር ባለው በደላንታና ዳውንት ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1995/96 ድርቅ በኋላ እስከ 1999 ድረስ ከ2000 በላይ ሰዎች ሽባ ሆነዋል። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሽታውን ቤት ለቤት አጥንተውታል። ንፍሮ፣ ቆሎና ጥሬ እሸት አዘውትረው የበሉት የበለጠ ተጎድተዋል። ከሌላ እህል ጋር የቀላቀሉት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከገባበት ወጥ ጋር የበሉት ደግሞ ጉዳታቸው አንሶ ተገኝቷል። ከሁሉ በላይ የተመቱት ወጣት ወንዶች ናቸው።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። እንፋሎቱ ማንንም አይሰብርም፤ ገለባው ላይ መተኛትም እንደዚሁ። ከእንፋሎቱ ሸሽቶ ፊቱን ሸፍኖ የሚቀቅል አለ፤ ማታ ያንኑ ንፍሮ በሳህን ሙሉ ያቀርባል! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 መጨረሻ፣ ቫፕኒያርካ በተባለ የእስረኞች ካምፕ በየቀኑ ጓያ ይቀርብ ነበር። እስረኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ እግራቸው ሲከዳቸው፣ አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ደረሰበት። የሚሰብረው የሚበላው ነው።

ልጁን በተመለከተ፣ አዎ ይከልክሉት። እረኛ ልጅ ቀን እሸት፣ ማታ ንፍሮ ሲበላ ማንም አይቆጥርለትም። እግሬ ከበደኝ፣ ጡንቻዬን ጨመደደኝ ካለ በዚያው ዕለት ጓያ ይቁም፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ።

ለቤት የሚሆነው ይህ ነው፦ ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ጓያውን በብዙ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ደግሞም መድገም ብዙውን ያወጣዋል። ለሽሮ ብሎ መቁላት ብቻውን አይበቃም። ለአንድ እጅ ጓያ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ማሽላ ቀላቅሎ በእርሾ አቡክቶ መጋገር ከንፍሮ እጅግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦዳፑ ያነሰ ዋሴ የተባለ ዝርያ በአገራችን ተለቋል፤ ሆኖም ድርቅ ሲመታው እሱም መርዙ ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን አይበላ።

ነጋዴ ወንድሞቻችንም ይስሙን። ጓያ ርካሽ ስለሆነ በሽንብራ ሽሮ ውስጥ ቀላቅሎ ሳይናገሩ መሸጥ ማጭበርበር ነው፤ ማጭበርበርም ሐራም ነው። ገዢው ምን እንደሚበላ ካላወቀ እንዴት ይጠንቀቅ? ጎተራው ያልጎደለበት ጎረቤት በክፉ ዓመት የሚያካፍላት አንዲት ቁና ገብስ ከሆድ አልፋ የልጅ እግር ታድናለች።

ስለ ከብቶቹ ደግሞ፣ የሚያመሰኩት ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚያግዟቸው በሬና በግ ጓያን ከእኛ በተሻለ ይችሉታል። ፈረስ ግን አያመሰኳም፤ ፍሬውን አዘውትሮ ከበላ እንደ ሰው እግሩ ይያዛል። ስለዚህ ገለባውን ለበሬው ይስጡት፣ ፍሬውን ከጋማ ከብቱ ያርቁት።