ኢንሹራንሱ የመኪና ጥገናውን ግማሽ ብቻ ለምን ከፈለ?

በጥብቅና ሥራዬ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ ሰሞኑንም ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። «ኮምፕሪሄንሲቭ (ሙሉ ሽፋን) ኢንሹራንስ ስለገባሁ ጥገናው በሙሉ ይሸፈናል» የሚለው እምነት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

1. በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት መኪናው በኢንሹራንስ ውሉ ላይ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ የጎደለውን ድርሻ ባለቤቱ ይሸከማል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ተመዝግቦ ጥገናው 200,000 ብር ቢደርስ፣ የሚከፈለው 100,000 ነው፤ በውሉ የተጻፈው ኤክሰስም (ከጉዳቱ ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው መጠን) ሊቀነስ ይችላል። የመኪና ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ፣ እባካችሁ ውል ስታድሱ ግምቱን አስተካክሉ!

2. ቅናሽ ከተደረገባችሁ ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ሳትስማሙ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት አትፈርሙ።

3. በክፍያው ካልተስማማችሁ ኢንሹራንሱን መክሰስ የምትችሉት በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

ግራ የገባችሁ ካላችሁ በውላችሁ ላይ የሰፈረውን ግምት ጨምራችሁ ጠይቁኝ።