የኢግቦ ሕዝብ ጸሎትና ያልሻረው ቁስል

የወደቀ ሕዝብ በጸሎት ሊነሣ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በየዓመቱ ስግድ ተራራ ወጥተው፣ ጾመውና ድንጋይ ተሸክመው የጸለዩት ለዚሁ ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከእኛ ርቆ በምዕራብ አፍሪካ፣ በናይጄሪያ አገር ስለሚኖረው ስለ ኢግቦ ሕዝብ ነው። አብዛኛው ኢግቦ ክርስቲያን ነው። ሃይማኖቱ ከእኛ ቢለይም፣ ጸሎት ምን እንዳቃናለትና ምን ገና እንዳላቃናለት ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢግቦ ማን ነው?

የኢግቦ አገር በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በኒጀር ወንዝ አካባቢ ያለ ለምና ሕዝብ የበዛበት ምድር ነው። የሕዝቡ ቁጥር ከ30 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ኢግቦ በንግድ፣ በትምህርትና አገር ለአገር በመዘዋወር የታወቀ ነው።

ክርስትና ከመግባቱ በፊትም ኢግቦ ቹኩ ብሎ የሚጠራውን ታላቅ ፈጣሪ ያውቅ ነበር። ዛሬም በቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔርን የሚጠራው በዚሁ በአባቶቹ ቃል ነው። እኛ እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍልተን ሽማግሌ እንደሚመርቅ ሁሉ፣ በኢግቦ ቤትም ኮላ የሚባል መራራ ፍሬ ይቀርብና ታላቁ ሰው በእጁ ይዞ ይጸልይበታል። ዕድሜን፣ ልጅን፣ ሰላምን ይለምናል። በዚህ ጸሎት ላይ የሚነገር አንድ የታወቀ ምሳሌ አላቸው፦ «ጭልፊቱም ዛፉ ላይ ይቀመጥ፣ ንስሩም ይቀመጥ» ይላሉ። ትርጉሙ አንዱ ሌላውን ሳያባርር ሁሉም በሰላም ይኑር ማለት ነው።

ኢግቦ ከእስራኤል ጋር የሚያያዝበትም ታሪክ አለ። ከባርነት ወጥቶ በእንግሊዝ አገር የኖረው ኦላውዳ ኢኪያኖ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ የወገኖቹን ግርዛት፣ የስም አወጣጥና የመንጻት ሥርዓት ከጥንት አይሁድ ሥርዓት ጋር አነጻጽሮ ጽፏል። እስከ ዛሬም ከእስራኤል ዘር ነን የሚሉ ብዙ ኢግቦዎች አሉ። ጥቂቶቹም በአይሁድ ሥርዓት ሰንበትን ይጠብቃሉ፤ የእስራኤል መንግሥት ግን እንደ አይሁድ ማኅበረሰብ አልተቀበላቸውም። የዛሬው ጽሑፋችን ብዙውን ስለሚይዘው ስለ ክርስቲያኑ ኢግቦ ነው።

እምነቱ እንዴት ገባ?

በሐምሌ 1857 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መልእክተኞች በኒጀር ወንዝ ዳር ባለችው በኦኒቻ ከተማ ሥራ ጀመሩ። የሚገርመው ግን መልእክተኞቹ ነጮች አለመሆናቸው ነው። መሪው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ከዮሩባ ሕዝብ የተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። በኦኒቻ የቀረው ጆን ክሪስቶፈር ቴይለር ደግሞ ከባርነት ነፃ ከወጡ የኢግቦ ወላጆች በሴራሊዮን የተወለደ ነው። ተሸጠው የሄዱት ሰዎች ልጅ ወደ ወላጆቹ አገር ተመልሶ በወላጆቹ ቋንቋ አስተማረ ማለት ነው። በ1885 የካቶሊክ ካህናት ተከተሉ፤ በየመንደሩም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኢግቦኛ የታተመው በ1913 ነው።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የገቡት እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ ማኅበረሰቡ የገፋቸው ናቸው። መንታ መውለድ እንደ ርኩሰት ይቆጠር ስለነበር ልጆቻቸውን የተነጠቁ እናቶች፣ ባሪያዎች፣ እንዲሁም «ኦሱ» የሚባሉ ሰዎች መጡ። ኦሱ ማለት ለጣዖት የተሰጠ ሰው ነው። ልጁም የልጅ ልጁም ኦሱ ሆኖ ይቀራል። «ዲያላ» ከሚባለው ከነፃው ሰው ጋር አይጋባም፤ በዲያላ ጉባኤም ኮላ አንሥቶ መጸለይ አይፈቀድለትም ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የሁሉም አባት አንድ ነው የሚለው ትምህርት ትልቅ የምሥራች ሆነላቸው።

ጦርነቱና መነሣቱ

ኢግቦ «እንታደስ» ብሎ የሚጸልይበትን ምክንያት ለመረዳት የቢያፍራን ጦርነት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢግቦዎች ተገደሉ፤ የተረፉትም ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በግንቦት 1967 የምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም ተገንጥያለሁ ሲል ጦርነት ተነሣ። ከእኛ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በሬድዮ ሰምተው ይሆናል፤ በኦገስት 1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሰብሳቢነት ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ለእርቅ ተቀምጠው ነበር። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩም መጥቶ ንግግር አድርጓል። እርቁ ግን አልተሳካም። ጦርነቱ በጃንዋሪ 1970 በቢያፍራ ሽንፈት አበቃ። የሞተው ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል፤ ብዙውን የጨረሰው ረሃብ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያለቁት ሕፃናት ናቸው።

መንግሥት «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» ብሎ አወጀ። ነገር ግን የቢያፍራ ሰው በባንክ የነበረው ገንዘብ ምንም ያህል ቢሆን የተመለሰለት 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት የሠሯቸውን ትምህርት ቤቶችም መንግሥት ወሰዳቸው።

ታዲያ በምን ተነሣ? አንደኛው በዘመድ መረዳዳት ነው። ልጅ ለነጋዴ ተሰጥቶ ለዓመታት እያገለገለ ንግድ ይማራል፤ ጊዜው ሲያልቅ ጌታው መነሻ ገንዘብ ሰጥቶ ያቋቁመዋል። ይህ የቆየ ልማድ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሺህ ቤተሰብ አቁሟል። ሁለተኛው ጸሎት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት የተቋረጠባቸው ወጣቶች እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብና መጸለይ ጀምረው ነበር። ስክሪፕቸር ዩኒየን የተባለው ማኅበር ብዙዎቹን አሰባስቧል። ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህ ወጣቶች ከመንደር መንደር እየዞሩ ሰበኩ፤ ከእነርሱም ብዙ አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ወጡ። ሁሉን ያጣ ወጣት «አምላክ አልተወኝም» ብሎ ቀና እንዲል ይህ ጸሎት ረድቶታል።

ዛሬ እንዴት ይጸልያሉ?

በኢግቦ አገር ጸሎት የካህን ሥራ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ማለዳ ተነሥቶ አብሮ ይጸልያል። በየሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ ተሰብስበው መቁጠሪያ ይዘው ይጸልያሉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምበት ጸሎትም የተለመደ ነው። በኦገስት ወር ደግሞ ሴቶች ከሌጎስ፣ ከአቡጃ፣ ከውጭ አገርም ሳይቀር ወደ ባሎቻቸው መንደር ይመለሳሉ። ይህ «የኦገስት ስብሰባ» የሚባለው ነው። ይጸልያሉ፣ ይመካከራሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ። በዚያም ገንዘብ ክሊኒክ ይሠራል፣ ባሏ የሞተባት ትረዳለች፣ የተጣላ ይታረቃል። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ይህን ስንሰማ እንቀናለን። ጸሎቱና ሥራው እዚያ አልተለያዩምና።

ቋንቋውንም በጸሎት ቤት ያድሱታል። የኦዌሪ ካቶሊክ ጳጳስ የነበሩት አንቶኒ ኦቢና በ1996 በየዓመቱ በኢግቦኛ ብቻ የሚሰጥ ትልቅ ንግግር አቋቋሙ። በ1999 ታዋቂው ደራሲ ቺኑዋ አቸቤ በዚያ መድረክ ተናግሯል። በእንግሊዝኛ ጽፎ ዓለም ያወቀው ሰው ለወገኖቹ በእናቱ ቋንቋ ተናገረ።

የሚጸልዩበትም ጉዳይ ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው ሰው እየታገተ ገንዘብ ይጠየቅበታል፤ ካህናትም ታግተዋል። ከኦገስት 2021 ጀምሮ ተገንጣዮች ባወጡት ትእዛዝ በየሰኞው ገበያና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ቆይቷል። በሌላ በኩል የሕዝቡን ጭንቀት አይተው ዘይትና ውኃ የሚሸጡ፣ የመከራህ ምክንያት አያትህ ወይም ጎረቤትህ ነው እያሉ ቤተሰብ የሚያጣሉ ሰባክያንም ተነሥተዋል። እንዲህ ያለው ሰው በየትኛውም ሃይማኖት ውስጥ ስለሚገኝ መጠንቀቅ ያሻል።

ያልሻረው ቁስል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ከገባች ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆነ። የኦሱ ልጆች ካህናት፣ ሐኪሞች፣ ባለጸጎች ሆነዋል። በ1956 የምሥራቅ ናይጄሪያ ምክር ቤት ሰውን ኦሱ ብሎ መለየትን በሕግ ከልክሏል። ይህም ሆኖ ጋብቻ ሲመጣ ነገሩ ይነሣል። ዘመድ በድብቅ ይጠይቃል፣ ዘር ይቆጠራል። እሑድ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የጸለዩ ሁለት ቤተሰቦች ሰኞ ልጆቻቸውን ይከለካከላሉ።

ቺኑዋ አቸቤ ይህን በ1960 ባሳተመው ሁለተኛ ልብ ወለዱ አሳይቶታል። በእንግሊዝ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ኦሱ የሆነች ነርስ ሊያገባ ይፈልጋል። የሚቃወመው አባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ክርስትናን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። አቸቤ ራሱም የወንጌል አስተማሪ ልጅ ስለነበር የሚጽፈውን ያውቃል። ሰውየው ክፉ አይደለም። በእምነቱ ቅን ነው፤ የልጁ ልጆች በአገሩ እንዳይገፉ ይፈራል። መለያየትን በሕይወት የሚያቆየው ብዙ ጊዜ ጥላቻ ሳይሆን ይህ ፍርሃት ነው።

መለያየቱ በኦሱ ብቻ አያበቃም። በ2012 መጨረሻ ሮም ለአሂያራ ሀገረ ስብከት ፒተር ኦክፓሌኬ የተባሉ ጳጳስ ሾመች። እርሳቸውም ኢግቦ ናቸው፤ ግን ከሌላ ክፍል፣ ከአናምብራ ነው የመጡት። ብዙ የአካባቢው ካህናትና ምእመናን «ከእኛ ልጅ ካልሆነ አንቀበልም» አሉ። በ2017 ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ እያንዳንዱ ካህን የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፍ አዘዙ። ነገሩ ግን አልበረደም፤ ጳጳሱ በመንበራቸው ሳይቀመጡ በ2018 ለቀቁ። በኋላ ሌላ ሀገረ ስብከት ተሰጣቸው፤ በ2022 ካርዲናል ሆኑ። የተሾመው ኢግቦ፣ የተቃወመው ኢግቦ፣ ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። በ2018 መጨረሻ የኢግቦ የጥንት ሥርዓት መገኛ በሆነችው በንሪ ከተማ የባህል መሪዎች ተሰብስበው ኦሱ የሚባለው መለያየት ቀርቷል ብለው በሥርዓት አወጁ። ይህ መልካም እርምጃ ነው። አዋጁ የሚፈተነው ግን በአደባባይ ሳይሆን በየቤቱ፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ነው።

ለእኛስ?

የሌላውን ሕዝብ ጉድለት የጻፍነው ለመፍረድ አይደለም። በእኛም ዘንድ «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚል መለያየት ከአገር ቤት ተከትሎን መጥቷል። ብዙዎቻችን ጮክ ብለን አንናገረውም፤ ልጅ ሲታጭ ግን ይነሣል። ሰባት ትውልድ የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ቆጠራው ሰውን ለማዋረድ ሲውል ግን ከሥርዓቱ ወጣን ማለት ነው።

እኛ በዘር መለየት ምን እንደሚያም እናውቃለን። በአገር ቤት «ፈላሻ» እና «ቡዳ» ተብለናል። እዚህ ስንደርስ ደግሞ አይሁድነታችን ተጠራጥሯል፤ በ1985 ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ለሳምንታት አደባባይ የተቀመጡት ስለዚህ ነበር። በሌላው እጅ የቆሰልንበትን ቢላዋ በገዛ ወንድማችን ላይ ልናነሣ አይገባንም። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን በትምህርት ቤትና በጦር ሠራዊት አብረው ያድጋሉ፤ ይፋቀራሉም። «ለምን አይሆንም?» ብለው ሲጠይቁ የምንሰጣቸው መልስ ከጸሎታችን ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ አብሮ የመጸለይንና የመመራረቅን ልማድ አንተው፤ ኑሮው ቢያጣድፍም ሰንበት ሲገባ ልጆችን ሰብስበን እንመርቃቸው። ሁለተኛ፣ ሴቶቻችን እንደ ኢግቦ ሴቶች ጸሎትን ከእርዳታ ጋር አያይዘው በየሰፈሩ ቢሰበሰቡ ብዙ ችግር ሳይጠና ይፈታል። ሦስተኛ፣ ልጆች ሊጋቡ ፈልገው ዘር በመቁጠር የተነሣ ቤተሰብ ሲጣላ ነገሩ እስኪበላሽ አትጠብቁ። ቄሶችንና ሽማግሌዎችን አማክሩ፤ ወደ እኛም ኑ፤ ሁለቱን ቤተሰብ አስቀምጠን እናነጋግራለን። የምትነግሩን ሁሉ በምሥጢር ይጠበቃል።

ስግድ ቃል ኪዳን የሚታደስበት ቀን ነው። ክነሴት በ2008 የአገር በዓል እንዲሆን ደንግጎታል። በመጪው ስግድ ስንቆም አጠገባችን የቆመውን ሰው ዞር ብለን እንየው፤ ልጁ ልጃችንን ቢጠይቅ ምን እንደምንመልስ ከአሁኑ በቤታችን እንነጋገርበት።

ቸር ይግጠመን።