የአረቄ አተላ ውሃን ቀለም ስለ ማስወገድ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ አረቄ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው አተላ ውሃው ቡናማ ነው። ቀለሙ በከፊል የሚመጣው አሻሮው ሲቆላ፣ እንኩሮውም በምጣድ ሲበስል ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ተዋሕደው ከሚፈጥሩት ሜላኖይዲን ነው። ይህ ቀለም በውሃ ስለሚሟሟ በጨርቅ ቢያጠሉት አይለቅም፤ ረቂቅ ተሕዋስያንም በቀላሉ አያፈርሱትም። ወንዝ ሲገባ ብርሃን ይጋርዳል፤ አብሮት ያለው ብስባሽ በውሃው ያለውን ኦክሲጂን ይጨርሳል።

በፋብሪካ ደረጃ ቀለሙን ለይቶ የሚያስቀረው ናኖ ማጣሪያ የሚባል ስስ ገለፈት ነው። ቀዳዳዎቹ የ1 ሚሊሜትር 1 ሚሊዮንኛ ያህል ናቸው። ውሃው በግፊት ሲያልፍ ቀለሙ ይቀራል። ነገር ግን አተላው አስቀድሞ ካልተለየ ገለፈቱ ይደፈናል፤ የሚቀረው ጥቁር ውሃም ሌላ ማስወገጃ ይሻል።

ስለዚህ ማኅበራት መሣሪያ ለመግዛት ከማሰባቸው በፊት ወፍራሙን አተላ ለይተው፣ አቀዝቅዘውና ከገለባ ጋር ቀላቅለው ለከብት በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጡ፣ ቀጭኑንም ከወንዝና ከምንጭ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ እንዲያጠራቅሙ የልማት ሠራተኞች እንዲያስረዱ እናሳስባለን።