ያውቁ ኖሯል? ከጦር አውሮፕላን የተወለደው ፒያኖ!

ለአንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ብቻ ሲባል ሙሉ ዘጋቢ ፊልም እንደተሠራ ያውቁ ኖሯል? ፊልሙ «ዳውን ዘ ሮድስ» ይባላል! ባለታሪኩ ደግሞ ፌንደር ሮድስ ነው! አፍቃሪዎቹ ስሙ ሲነሳ ዓይናቸው ይበራል! ለምን? እነሆ!

የጥንቱ ሮድስ የተሠራው ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ትርፍራፊ ነው! አሜሪካዊው የፒያኖ መምህር ሃሮልድ ሮድስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቢ-17 አውሮፕላን የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ቆራርጦ ባለ 29 ቁልፍ ፒያኖ ሠራ!

ለማን ይመስልዎታል? ለቁስለኛ ወታደሮች! ሆስፒታል ተኝተው፣ ፒያኖውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይማሩበት ነበር!

ኋላ የመጣው ሮድስ ሆዱ ቢከፈት አንድም የፒያኖ ክር አያገኙም! መዶሻው የሚመታው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው! ንዝረቱን እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር በማግኔት ይለቅማል!

አቃኛኘቱስ? እያንዳንዱ ዘንግ ላይ ትንሽ ጥቅልል ሽቦ አለች! እሷን ወዲያ ወዲህ ማንሸራተት ነው፤ አለቀ!

ዘ ዶርስ የተባለው ዝነኛ ባንድ መድረክ ላይ የባስ ጊታር ተጫዋች አልነበረውም! የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሬይ ማንዛሬክ በግራ እጁ ባለ 32 ቁልፉን የሮድስ ፒያኖ ባስ እየተጫወተ ጉድለቱን ሞላው!

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1969 ቢትልስ ለንደን ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥተው ሲዘፍኑ ሮድሱም አብሮ ወጥቶ ነበር! ተጫዋቹ ቢሊ ፕሬስተን ነው!

የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ሄርቢ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1968 ከጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር ሊቀርጽ ስቱዲዮ ሲገባ የጠበቀው ሮድስ ነበር! መጫወቻ መሰለው! ነካው፤ ፍቅር ያዘው!

የሮድስን ክዳን ገጥመው እንደ ሻንጣ ያነሱታል፤ ከቻሉ! ባለ 73 ቁልፉ ከግማሽ ኩንታል በላይ ይመዝናል!

የእኛው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 «ሸሞንሟናዬ» አልበማቸው ላይ ከአኮርዲዮን ጋር ሮድስ ተጫውተዋል! አልበሙ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ሲያስደንቅ እርሳቸው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር! ተሳፋሪ እስኪመጣ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር!

ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከገበያ ወጣ! አፍቃሪዎቹ ግን አልተውትም፤ አሮጌውን እየፈቱ፣ እየጠገኑ አቆዩት! በ2021 እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ሞዴል ይፋ ሆነለት!

እርስዎስ ሮድስን ሰምተውት ያውቃሉ? ዛሬውኑ «ሸሞንሟናዬ»ን ይክፈቱ!