በኮምፒዩተር የተጻፈውን መዝገብ በውጭ ዲስክ ገልብጦ ስለ ማስቀመጥ

በአንድ የገጠር ተማሪ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የማርክ መዝገብ የብዙ ልጆች የብዙ ዓመት ድካም ነው። መዝገቡ የጠፋበት ልጅ ወደ ሌላ ተማሪ ቤት ለመዛወር በፈለገ ጊዜ፥ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደ ተማረ የሚያስረዳበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ መዝገቡ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይቀር ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ይገባል።

በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1956 ዓ. ም. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ እንደ ሳሕን ያሉ 50 ክብ ብረቶች የተደራረቡበት ሲሆን፥ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ የዚያን 200 ሺህ እጥፍ ይይዛል። የሚዞረው ዓይነት አሠራር ግን አልተለወጠም። ሳሕኑ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ሲዞር፥ የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ሳሕኑን ሳይነካ፥ ከጠጕር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት በላዩ ይንሳፈፋል። ዲስኩ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ራሱ ሳሕኑን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀውም ስፍራ ተመልሶ አይነበብም። ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ዓይነት የሚዞር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይታገሣል። ይሁን እንጂ ጽሑፉን በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚይዝ፥ ሳይሰካ ለዓመታት በሣጥን ቢቀመጥ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው በዲስኩ ዓይነት ሳይሆን ግልባጩን ሳያይ በማመኑ ነው። በ1998 ዓ. ም. በአሜሪካ፥ ፒክሳር በተባለው የፊልም ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም ሲሠራ፥ በስሕተት በተሰጠ የመደምሰስ ትእዛዝ አብዛኞቹ የፊልሙ ፋይሎች ጠፉ። ግልባጭ አለ ተብሎ ይታመን ነበርና ከዚያ ሊመልሱ ቢሞክሩ፥ የመገልበጡ ሥራ ማንም ሳያውቅ ተበላሽቶ ቆይቷል። ሥራውን ያዳነው፥ ከኃላፊዎቹ አንዷ ጌሊን ሱስማን ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለ ነበረ፥ በቤቷ ኮምፒዩተር የተገኘው ሌላ ግልባጭ ነው።

የብራና ጸሐፊ የገለበጠው መጽሐፍ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ እንደሚታረም፥ የኮምፒዩተሩም ግልባጭ መመሳከር አለበት። አስቀድሞ የፋይሎቹ ቍጥርና መጠን በሁለቱም በኩል ትክክል መሆኑ ይታያል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቍጥሩ ትክክል ሆኖ ውስጡ የተበላሸ ፋይል ይገኛልና። ስለዚህ ዲስኩ በሌላ ኮምፒዩተር ተሰክቶ አንዳንዱ ፋይል ይከፈትና ይነበብ። በዓመት አንድ ጊዜም መዝገቡ በሙሉ ከዲስኩ ወደ ባዶ ፎልደር ተመልሶ ቢታይ እጅግ መልካም ነው።

መገልበጡ አለቀ ተብሎ በመስኮቱ ቢታይም፥ ኮምፒዩተሩ ጥቂቱን ገና ሳይጽፍ በራሱ ውስጥ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማላቀቂያውን ትእዛዝ ሳይሰጡ ገመዱን መንቀል አይገባም። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ዲስኩ ተለይቶ ይቀመጥ። በ2017 ዓ. ም. ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ፋይሎችን በምስጢር ቍልፍ እየቈለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፥ በኮምፒዩተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውንም ዲስክ አብሮ ይቈልፍ ነበር።

የሚቻል ቢሆን ሁለት ዲስኮች በየተራ ይገልበጡ፤ አንዱ በተማሪ ቤቱ፥ ሁለተኛው እሳት ቢነሣ በማይደርስበት በሌላ ቤት ይቀመጥ። ከ1973 ዓ. ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ አንዱ ግልባጭ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል። አዲሱን ግልባጭ በአሮጌው ላይ መጻፍም አደገኛ ነው፤ በዋናው መዝገብ አንድ ማርክ በስሕተት ተደምስሶ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ ወደ ግልባጩ ይተላለፋልና። ለየወሩ ልዩ ፎልደር ይደረግ፤ በዲስኩም ላይ የተገለበጠበት ቀንና ያመሳከረው ሰው ስም በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ።