ከፋዩ ልጅ፣ ባለቤቱ አባት

«ጡረታ» የምንለው ቃል «መጦር» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ይህም በግእዙ «ጾረ»፣ ማለት «ተሸከመ»፣ ከሚለው ግስ ጋር ሥሩ አንድ ነው። በኮምቦልቻ የሥራ ፈጠራን ትምህርት ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት፣ አረጋውያንን ስለ ማገልገል ወጣቶች ያቀረቡልኝን ሐሳቦች መለስ ብዬ ስመረምር፣ ይህን የመሸከም ትርጕም በሁሉም ዘንድ ተሰውሮ አገኘዋለሁ፤ ወጣቱ ራሱን ተሸካሚ፣ አረጋዊውን ሸክም አድርጎ ይነሣልና።

ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎች ይዘውት የመጡት ግን አገሩን ያወቀ ሐሳብ ነበር። ከቦርከና ወንዝ ዳር ባለችው በኮምቦልቻና ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ በተቀመጠችው በደሴ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መንገዱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ጉልበቱ ለደከመና ትንፋሹ ላጠረ ሰው ፍኖተ ጻማ ነው። ሪፈር የተጻፈለት የኮምቦልቻ ጡረተኛ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ተሻግሮ፣ በደሴ ብርድ ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ፣ ከሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪውም ወደ መድኃኒት ቤት ሲመላለስ ይውላል። ተማሪዎቹም ከቤቱ የሚቀበለው፣ ወረፋ የሚይዝለት፣ ሐኪሙ የተናገረውን የሚጽፍለትና ማታ ከደጁ የሚያደርሰው አጃቢ በክፍያ ለማቅረብ አሰቡ።

ሒሳቡ ላይ ሲደርሱ ግን ተቸገሩ። በ2003 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጆች ለ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይሰጡ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመር ነበር፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነበር። 30 ዓመት አገልግሎ በእነዚያ አዋጆች ጡረታ የወጣ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል፤ ይኸውም የሚሰላው በቀድሞ ደመወዙ ሲሆን የሚገዛው በዛሬ ገበያ ነው። ከዚህ ላይ የአጃቢ ዋጋ መቀነስ እንደማይቻል ተማሪዎቹ ራሳቸው ተረዱት፤ ስለዚህም በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በአዲስ አበባ የሚሠራው ልጅ በሐዋላ እንዲከፍል፣ እነርሱም የሐኪሙን ቃልና የመድኃኒቱን ደረሰኝ በዚያው ዕለት በስልክ እንዲልኩለት ወሰኑ። እኔም ይህን ብልኅ አካሄድ ነው ብዬ አመሰገንኋቸው፤ ተሳስቼም ነበር።

ስሕተቴን የገለጡልኝ፣ በዘመነ ደርግ ከተመሠረተው ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ አንድ መካኒክ ናቸው። የሽመናውን መኪና በድምፁ ብቻ አዳምጠው የትኛው ክፍሉ እንደ ታመመ የሚያውቁ የነበሩ ሰው ናቸውና፣ ተማሪዎቹ ዕቅዱን ሲያነቡላቸው እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙ። ከዚያም አንዷን ተማሪ፣ «ልጄ፣ የእኔን ሕመም ከእኔ አስቀድሞ ጂዳ ያለው ልጄ የሚሰማ ከሆነ፣ እኔ በመኪናችሁ ላይ የተጫንሁ ዕቃ ነኝ እንጂ ታካሚ አይደለሁም» አሏት። እርስዋም፣ «ጋሼ፣ የሚከፍለው እርሱ ስለ ሆነ እኮ ነው» ብትላቸው፣ «ቢከፍል ለአባቱ ከፈለ፤ አባቱን ግን አልገዛም» ሲሉ መለሱላት።

ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። እኛ መምህራን በክፍል ውስጥ ከፋዩና ተጠቃሚው ሁለት ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ስናስረዳ፣ ምሳሌ የምናደርገው ብዙ ጊዜ የሕፃን ወተትን ነው፤ ሕፃኑ ስለማይናገር ወተቱን የምትመርጥለት እናቱ ናትና። ያንኑ ምሳሌ ወስደን ዕድሜውን ሙሉ ቤት ላስተዳደረ፣ ልጅ ላሳደገ፣ በሰፈሩ ዕድር፣ በቅሬው ውስጥ ቃሉ ለሚደመጥ አረጋዊ መስጠታችን ግን ታላቅ ግድፈት ነው። አረጋዊ አንደበት አለው፤ ፈቃድም አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የወላጅን ክብር ከታላላቅ ትእዛዛት በሚቈጥርበት በወሎ ምድር ይህን ለተማሪ ሳያስተምሩ ማለፍ ለእኔ የሙያ ጉድለት ሆኖ ታየኝ።

ተማሪዎቹ ሥራውን አልተዉትም። ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ክፍያ ከጡረተኞች ጋር ሐረጎን እየወጡ በየወረፋው ቆሙ፤ አረጋውያኑን ከዳገቱ ይልቅ የሚያደክማቸው በጥድፊያ የተነገራቸውን ሳይረዱ መመለሳቸው እንደ ሆነም በዚያ ተማሩ። በአንድ ሰፈር የቅሬው ሽማግሌዎች የወጣቶቹን ማንነት አጣርተው ዋስ ሆኑላቸው፤ ያለዚያ ማንም በሩን ለማያውቀው ልጅ አይከፍትም ነበር። ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ቅሬው ስንሞት ይቀብረናል፤ እናንተ ደግሞ በቁማችን ድረሱልን» አሏቸው።

ውሉም እንደ አዲስ ተጻፈ። አሁን የሐኪሙ ቃል የተጻፈበት ወረቀት በመጀመሪያ ለአረጋዊው ይነበባል፤ ለልጁ ምን እንደሚላክ፣ ምንስ እንደሚቀር የሚወስነው እርሱ ነው፤ ሊጨነቅብኝ ይችላል ብሎ አንዱን ነገር ቢያስቀር ተማሪው አይጨምርበትም። ሁለት ከፋዮች በዚህ ምክንያት ገንዘባቸውን ከለከሉ፤ ተማሪዎቹም ውሉን አልለወጡም፤ እኔም ደግፌያቸዋለሁ።

በሩቅ አገር ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የምትልኩ ልጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉና፣ «አባባ፣ እማማ፣ እንዴት እንዲሆንላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመልሱላችሁንም እስከ መጨረሻው ስሙ።